የጎብኚ ቆጣሪው ለምን ወደ 1 እንደሚመለስ

ለውድ ደንበኞቻችን
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልን!

ከጥምቀት ወዲህ ሆቴል ያላችሁም፣ ወደ ዘጌ ገዳማት ጀልባ የምታከራዩም፣ ማር የምትሸጡም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርባችሁልናል፦ «ከገጻችን ግርጌ ያለው ቆጣሪ በሺህ ሲቆጥር ከርሞ በድንገት 1 አለ፤ ጎብኚ ራቀን ወይ?» አልራቃችሁም። እንዲያውም ቁጥሩ የሚጠፋው ገበያው ሲደምቅ ነው።

ቆጣሪው ከቆዩ ዝግጁ ቴምፕሌቶች (ተዘጋጅተው ከሚገኙ የገጽ ንድፎች) ጋር የሚመጣ፣ ፒኤችፒ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ስክሪፕት (የትእዛዞች ዝርዝር) ነው። አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት ከጽሑፍ ፋይል ውስጥ ቁጥሩን ያነባል፣ አንድ ይጨምርበታል፣ መልሶ ይጽፋል። ሁለት ሰው እኩል ከገባ ግን ሁለቱም ለምሳሌ 4812ን ያነቡና ሁለቱም 4813 ይጽፋሉ፤ አንዱ ሳይቆጠር ቀረ ማለት ነው። ይህስ ባልከፋ። ስክሪፕቱ ለመጻፍ ፋይሉን ሲከፍት መጀመሪያ ያለውን ጠራርጎ ያጠፋል፣ አዲሱን ቁጥር የሚያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት የደረሰ ሌላ ጎብኚ ባዶ ፋይል ያገኛል። ባዶው 0 ተብሎ ይወሰዳል፣ አንድ ይጨመርበታል፤ የመጀመሪያው 4813 ብሎ ቢጽፍ እንኳ ሁለተኛው በላዩ ላይ 1 ይጽፍበታል። የወራት ድምር በዚህ ይሄዳል።

ይህን ስላስተካከልነው አሁን ስክሪፕቱ በፋይሉ ያለውን ሳያጠፋ ይከፍታል፣ «ኤፍሎክ» በሚባለው ትእዛዝ ይቆልፋል፣ አንብቦ ጽፎ ሲጨርስ ይለቃል፤ ሌላው እስከዚያ ተራውን ይጠብቃል። ንባቡም ጽሕፈቱም በአንድ ቁልፍ ሥር መዋል አለበት፤ ሲጻፍ ብቻ መቆለፍ ምንም አይፈይድም። በቆጣሪው የሙከራ ቅጂ ላይ ገጹን የመክፈት ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ልከን ሞክረነዋል፤ አንድም አልጎደለም።

«የዛሬ ጎብኚ» የሚለው ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይቀየር ነበር። ሰርቨሩ (ገጻችሁ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ከእኛ በ3 ሰዓት ስለሚዘገይ የእሱ እኩለ ሌሊት የእኛ 9 ሰዓት ነው። ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ስለቀየርነው ከእንግዲህ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይዞራል።

አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ ይህን ቁጥር የደንበኛ ብዛት አድርጋችሁ ለማስታወቂያ አትጠቀሙበት። የጉግል ፈላጊ ሮቦት ሲገባም፣ ሊንካችሁ ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ ቅድመ እይታው ሲዘጋጅም፣ አንድ ሰው ገጹን ደጋግሞ ሲያድስም ይጨምራል። ጎብኚዎችን በአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ በሚታወቁበት ቁጥር) እንለይ እንዳንል በሞባይል ዳታ ብዙ ስልኮች አንድ አድራሻ ይጋራሉ። በእኛ እምነት በቦታ ማስያዣ ቅጹ የሚደርሳችሁ ጥያቄ ከዚህ ቁጥር ይልቅ ስለ ገበያችሁ ይናገራል።

ድምሩ የጠፋባችሁ ቆጣሪው ወደ 1 የተመለሰበትን ቀን ብቻ ላኩልን፤ ከመጠባበቂያ ቅጂው ላይ የመጨረሻውን ቁጥር አውጥተን ያለ ክፍያ እንመልሳለን። እስከዚያ ድረስ የድሮውን ፋይል ራሳችሁ መልሳችሁ አትጫኑ፤ ስክሪፕቱ በፋይሉ ላይ የመጻፍ ፈቃዱ ከተበላሸ ቆጣሪው ጭራሹን ይቆማል።

ከአክብሮት ጋር
የድረ ገጽ እንክብካቤ ክፍል