«ነጻ ነሽ» ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም

ለአዘጋጁ፣

ወራት የዘለቀ የሰውነት ቁርጥማት ያለባት ሴት እዚህ ጅማ ምርመራዋን ጨርሳ ስትወጣ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ትሰማለች፦ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» ወይም «ውጤትሽ ነጻ ነው፣ ምንም የለብሽም»። ሕመሟ ፋይብሮማያልጂያ (ከድካምና ከእንቅልፍ ችግር ጋር በመላ ሰውነት የሚሰማ የቆየ ሕመም) ከሆነ ሁለቱም ስህተት ነው። ሪህ የዩሪክ አሲድ ጣጣ ነው፤ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ ያቀላል። ፋይብሮማያልጂያ አያሳብጥም። ኢኤስአር፣ ሲአርፒና ሲኬ የሚባሉት የደም ምርመራዎች ልክ ሆነው የሚመጡት የሰውነት መቆጣትንና የጡንቻ መጎዳትን ስለሚፈልጉ ነው። የዚህ ሕመም ለውጥ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ጡንቻ የሚሠራው ኤቲፒ በሚባል ነዳጅ ነው። ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ያለ ኦክስጅን የሚተርፈው 2 ኤቲፒ ብቻ ሲሆን፣ በማይቶኮንድሪያ (የሴሉ የኃይል ማመንጫ) ውስጥ በኦክስጅን ሲቃጠል ግን ወደ 30 ይጠጋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ ጡንቻ ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመላላትም ኤቲፒ እንደሚያስፈልገው ነው፤ ያኮማተረውን ካልሲየም ወደ ማከማቻው የሚመልሰው ፓምፕ የሚሠራው በኤቲፒ ነውና። የታረደ በሬ ሥጋ ከሰዓታት በኋላ የሚገተረው ይህ ነዳጅ ስላለቀ ነው። በታማሚዎች ጡንቻ ላይ የተደረጉ የማግኔት ምርመራ ጥናቶች ኤቲፒም ሆነ የቅጽበት መጠባበቂያው ፎስፎክሬቲን ዝቅ ብለው አግኝተዋል። በደም ሴሎቻቸው ውስጥ ኤቲፒ ለመሥራት የሚያግዘው ኮኤንዛይም ኪው10 ቀንሶ፣ በአከርካሪ ፈሳሻቸው ደግሞ የሕመም መልእክት አስተላላፊው ሰብስታንስ ፒ ከጤነኛው 2 እና 3 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ጀሪካኑን ካወረደች በኋላም ትከሻዋ የማይላላው፣ ልጇ ክንዷን ሲደገፍ እንኳ የሚያማት በከፊል ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ይህን አንብቦ ግን የቫይታሚን መርፌ ለመግዛት መሮጥ አያስፈልግም። የጡንቻው ለውጥ በከፊል እንቅስቃሴ ከመቀነስ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙን የሚለይ የደም ምርመራም እስካሁን የለም። የሚለየው በመጠየቅ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው መስፈርት ከ19 የሰውነት ቦታዎች ቢያንስ 7ቱ ላይ ሕመም ይኖራል፤ ድካም፣ የማያሳርፍ እንቅልፍና የማሰብ መደነዝን የሚለካው ነጥብ ቢያንስ 5 ይሆናል (ቦታዎቹ ከ4 እስከ 6 ከሆኑ 9)። ሕመሙ ከ5 የሰውነት ክፍሎች ቢያንስ 4ቱን ነክቶ ቢያንስ 3 ወር የቆየ መሆን አለበት። ከዚያ በፊትም ሆነ ጎን ለጎን የታይሮይድ (ቲኤስኤች)፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ዲ ጉዳይ ይታይ፤ እነዚህ ይህንኑ መልክ ይዘው ይመጣሉ፣ ይታከማሉም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ያበጠ መገጣጠሚያ ካለ ደግሞ ሌላ በሽታ ይፈለግ።

በጣም የሚያሳስበን መርፌው ነው። ዳይክሎፌናክ (ማስታገሻ) እና ዴክሳ (ስቴሮይድ) በየሳምንቱ የሚወጉ ሰዎች ለዚህ ሕመም ጥቅም የሌለውን መድኃኒት እየወሰዱ ጨጓራቸውንና ኩላሊታቸውን ይጎዳሉ። በአንጻሩ በርካሽ የሚገኘው አሚትሪፕቲሊን በማታ 10 ሚሊግራም (ባለ 25ቱ ብቻ ካለ ግማሹ) ተጀምሮ እንቅልፍንም ሕመምንም ሊያሻሽል ይችላል። ብዙዎች የሚያቋርጡት «የጭንቀት መድኃኒት ሰጡኝ» ብለው ነው። መጠኑ ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ያነሰ መሆኑን፣ አፍ እንደሚያደርቅ፣ ጠዋት እንደሚያስንፍና ውጤቱ ሳምንታት እንደሚወስድ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው የለም። የልብ ምት ችግር ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውሰድ፤ ትራማዶል ከሚባለው ማስታገሻ ጋርም በራስ ፈቃድ አይቀላቀል።

በሁሉም መመሪያ የሚደገፈው እንቅስቃሴ ነው፤ የሚበላሸው አጀማመሩ ላይ ነው። ደህና በዋሉበት ቀን እስከ ጅሬን ዳገት ወጥተው፣ ለ3 ቀን አልጋ ላይ ወድቀው፣ «እንቅስቃሴ አይስማማኝም» ይላሉ። ሜዳ መንገድ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ጥሩ ቀንም ቢሆን አይጨመር። ሳምንቱ ያለ ችግር ካለፈ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይጨመር። በመጥፎ ቀን ደግሞ በግማሽ ይቀነስ እንጂ አይተው።

እንቅልፍን የሚነካው ሌላው ነገር ቡና ነው፤ በቡና አገር ይህን መናገር ቢከብድም፣ ማነቃቂያው ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ወደ 5 ሰዓት ይፈልጋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት የተጠጣው አቦል ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ። ጫት ደግሞ እንቅልፉን ጨርሶ ይነጥቃል። የማታውን ቡና ወደ ጠዋት ማዞርና ከቀትር በኋላ ጫት አለመያዝ ከማንኛውም መርፌ በፊት ለ2 ሳምንት ይሞከር፤ የእንቅልፉ ሰዓትና ሕመሙ ከ0 እስከ 10 በየቀኑ ይጻፍ፤ ወረቀቱም በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ይቅረብ።

የጤና ባለሙያዎች
ከጅማ