ይድረስ ለአባቴ፣ ደሴ

ውድ አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እትዬ ያስፈጩልን በርበሬ በደህና ደርሶናል።

የልጅ ልጅዎ ሰሞኑን ስለ አንድ አሞራ ብቻ ነው የምታወራው። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አይታ ከተመለሰች ወዲህ የጥንት አጥንት ወሬ ከአፏ አይጠፋም። የአሁኑ አርጀንታቪስ ይባላል። ከ6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአርጀንቲና ይኖር የነበረ፣ የአሜሪካ አህጉር ጥንብ አንሳዎች ዘመድ ነው። ስሙ የወጣለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሜትር ይሆናል ይባላል፤ ሳሎናችን እንደማይበቃው በሜትር ለክታ አሳየችኝ። ባለሙያዎች እንዳሰሉት፣ ያን የሚያህል አካል ክንፍ በማራገብ ብቻ ከሜዳ መነሳት አይችልም፤ ከቁልቁለት ተንደርድሮ ወይም ነፋስ ጠብቆ ይነሳና ከመሬት በሚወጣው ሞቃት አየር ላይ ይንሳፈፋል። እኩለ ቀን ላይ ግቢ ቆመን፣ በአራት ኪሎ ሰማይ ላይ የሚዞሩትን ጥንብ አንሳዎች እያሳየች ታስረዳኛለች።

ክብደቱ 70 ኪሎ ያህል ነው። «አባባን ያክላል!» አለች። እርስዎም 70 ኪሎ ነበሩ። በፋሲካው ፎቶ ላይ ግን ኮትዎ ከትከሻዎ ወርዷል። እትዬን ስጠይቃቸው «ጾሙ ነው» አሉኝ። ጾሙ ከተፈታ ስንት ጊዜው ነው!

እናቴ ስታርፍ ፈተናዬን እስክጨርስ መርዶው እንዳይነገረኝ ያደረጉት ለእኔ አስበው ነው። አውቃለሁ። ያሳደጉኝም፣ እዚህ ያደረሱኝም እርስዎ ነዎት። ግን አፈር ስትለብስ አልነበርኩም። ጎረቤቱ ሁሉ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ፣ ፈተናው እንደቀለለኝ ላወራልዎ እየሳቅሁ ነበር ከአውቶቡስ የወረድኩት። ያን ቀን ያገኙኝ ሰዎች ፊታቸውን እንዴት እንዳዞሩ ዛሬም አልረሳሁትም። አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም።

አሁን ፈተና የለብኝም፣ አባቴ። ሐኪሙ ያለውን ይንገሩኝ። የምርመራውን ወረቀት ታናሼ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። መንገዱ እንዳያደክምዎ እሱ አብሮዎት ይምጣ፤ የትኬቱን ገንዘብ ነገ በባንክ አስገባለታለሁ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርገው ይያዙ፤ አንዱም እንዳይቀር። አልጋዎ ተነጥፏል፣ ሐኪም ዘንድም ቀጠሮ ይዣለሁ።

ከሐኪም የሚሰሙትን ነገር ግን አስቀድመው ለእኔ ይንገሩኝ፤ ለእትዬም ከመንገርዎ በፊት።

ልጅዎ፣ ከአራት ኪሎ