እማዬ፣ በሩን ስዘጋ አኩርፌ አይደለም

ውድ እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ያዘዙልሽ መድኃኒት ሳያልቅ አሳውቂኝ፣ ከዚህ ገዝቼ በጀልባ እልክልሻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ያን ቀን በስልክ "ልጄ፣ ከፍቶሻል ወይ? መመለስሽ ቆጨሽ ወይ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ኧረ ደህና ነኝ" ብዬ ዘጋሁት። አጠገቤ ሰው ነበር፣ ደግሞም በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። ዓይንሽን ካስቸገረሽ ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ዋናውን ልንገርሽ። መመለሴ አልቆጨኝም። ማንም አላባረረኝም። ጎረቤቱ "ምን ሆና መጣች?" እያለ እንደሚጠይቅሽ አውቃለሁ፤ እኔንም ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር "ሆላንድ ገብቶ ደግሞ የሚመለስ አለ እንዴ?" ይሉኛል። አንቺ አንገትሽን አትድፊ። "ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች" በያቸው፣ በቃ።

አንቺን ያሳሰበሽ ዝምታዬ ይመስለኛል። ባለፈው ዘጌ መጥቼ ሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ ተሰብስቦ ሳለ ጓዳ ገብቼ በሩን ስዘጋው "ምን አስቀየምናት?" አልሽ አሉ። ማንም አላስቀየመኝም እማዬ። እዚያ ሆላንድ፣ የተማርኩባት ዴልፍት ከተማ ያለው ኑሮ እንዲህ ነው፤ ጓደኛ ቤት ለመሄድ እንኳ ከሳምንታት በፊት ቀጠሮ ይያዛል። ሳይነግርሽ በርሽን የሚያንኳኳ የለም። በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። የመጀመሪያው ብርድ በጣም ከበደኝ። አለቅስ ነበር፣ አንቺ እንዳታስቢ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ከዚያ ቀስ በቀስ ብቻዬን መብላቱንም፣ ብቻዬን በእግሬ መሄዱንም ለመድኩት፣ እንዲያውም ወደድኩት። አሁን ደግሞ እሱን መተው ነው የቸገረኝ። እዚህ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ጎረቤት ገብቶ ቁጭ ይላል። ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው የምልሽ፣ እዚያ ሆኜ የናፈቀኝ ይሄው ነበር፤ ግን ትንሽ ቆይቶ ጭንቅላቴ ይደክማል። ሁለቱም እውነት ነው። በሩን ስዘጋ ትንሽ አርፌ ልወጣ ነው። ተዪኝ፣ እወጣለሁ።

ደግሞ እንግዳ አታድርጊኝ። ቡና ላፍላ ስል "ተይ፣ አንቺ ተቀመጪ" ትይኛለሽ። መኝታሽን ለቀሽልኝ አንቺ መደብ ላይ ትተኛለሽ፣ በዚያ ጉልበት! እሱ ነው የሚከፋኝ እንጂ ሌላ ምንም አልከፋኝም።

ግቢ ውስጥ ማስተማሩን ወድጄዋለሁ። እሱም ግን እንደገና መልመድ ይፈልጋል። እዚያ ተማሪው ፕሮፌሰሩን በስሙ ይጠራዋል። "ይሄ ነገር ልክ አይመስለኝም" ይለዋል፣ ፕሮፌሰሩም አይቆጣም፣ ቁጭ ብለው ይከራከራሉ። እዚህ "ጥያቄ አላችሁ?" ስል ሁሉም አቀርቅሮ ደብተሩን ያያል። ስወጣ ግን ሦስት አራት ሆነው ኮሪደሩ ላይ ይከተሉኛል። "ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" ይላሉ። ጥያቄያቸው ደግሞ ግሩም ነው! ሰው ፊት መሳሳት ፈርተው እንጂ ምንም አልጎደላቸውም። አሁን ሰዓቱ ከማለቁ በፊት ስማቸውን ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት ጥያቄ ይሰጡኛል፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከዚያ እጀምራለሁ። ሰሞኑን አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ በራሷ ድምፅ ጠየቀችኝ። ያን ቀን እንዴት ደስ ብሎኝ እንደዋልኩ!

ስለ ብስክሌቱ ደግሞ አክስቴ "ውጭ ተምራ መጥታ በብስክሌት ትሄዳለች፣ ሰው ምን ይላል" ብላሽ ተጨንቀሻል አሉ። አትጨነቂ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ድሮም የብስክሌት ከተማ ናት። ሆላንድ ውስጥ ሕዝቡ ወደ 18 ሚሊዮን ነው፣ ብስክሌቱ ግን ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። ማርክ ሩተ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ እንኳ ቢሮው በብስክሌት ይሄድ ነበር። ጠዋት በዘንባባዎቹ ሥር እየነዳሁ የማስተምርበት ፔዳ ግቢ ስደርስ ቀኔ ይቃናል።

ለምን እንደተመለስኩ ግን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። የዚያ አገር መሬት ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ሰዎቹ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ውኃውን ብቻ የሚጠብቁላቸው ምክር ቤቶች አሏቸው። ዛሬ 21 ናቸው፤ ሕዝቡ ይመርጣቸዋል፣ ግብርም ይከፍላቸዋል። መምህሩ ይሄን ሲያስረዳ እኔ የማስበው ጣናን ነበር። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል እንጂ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በየክረምቱ ደለል ያስገቡበታል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እንቦጭ የሚባለው አረም መጣ፣ ከእርሻው ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ያፋፋዋል። ተራዬ ደርሶ ስለ አገሬ ስናገር ስለ ዘጌ ነገርኳቸው። ከአቡነ በትረ ማርያም ጊዜ ጀምሮ በሬ እንደማይጠመድበት፣ ሰው በቡናና በጌሾ እንደሚኖር፣ ዛፉ አፈሩን ይዞት እስከ ዛሬ እንደቆመ። ፎቶውን ደጋግመው አዩት፣ ጥያቄው አላልቅ አለ። እዚያ ቆሜ "ይሄን የማውቀው ከእናቴ ነው፣ ሥራዬም እዚያው ነው" ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ልቤ አልዋለለም። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ አውቃለሁ። ይሄን ሁሉ አስቤበት ነው የመጣሁት።

ፈተናውን አርሜ እንደጨረስኩ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ለቡና ለቀማው እመጣለሁ። ድግስ እንዳታስቢ። መኝታሽንም እንዳትለቂ፣ መደቡ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። ቅርጫት ብቻ አዘጋጂልኝ። ወንድሜ ደግሞ ሐኪሙ የጻፈልሽን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ዛሬውኑ ይላክልኝ፣ እዚህ ለማውቀው ሐኪም ላሳየው።

ልጅሽ