የግምጃ ቤት ሠራተኛው ወረቀቱን ለምን አይለቅም?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አዲስ የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በተዘረጋ ቁጥር «ሠራተኛው ለውጥ አይወድም» የሚል ወቀሳ ከኃላፊዎች ይሰማል። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ለ14 ዓመታት የሠራሁ ነኝ፤ ወቀሳው የችግሩን ምንጭ ስለሚሸፍን ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የግምጃ ቤት ሠራተኛ ዕቃ ሲረከብ ሞዴል 19 የተባለውን የገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ወጪ ሲያደርግም በመጠየቂያ ቅጹ በሞዴል 20 የቀረበለትን ጥያቄ ይዞ፣ የወጪ ደረሰኝ በሆነው ሞዴል 22 ላይ ተረካቢውን ያስፈርማል። በቆጠራ ጉድለት ቢገኝ በቅድሚያ የሚጠየቀው እርሱ ሲሆን፣ ከዕዳ የሚያድነውም ያ የተፈረመበት ቅጠል ነው። ስለዚህ የማንም ፊርማ በማይታይበት ስክሪን ተማምኖ ንብረት እንዲያስረክብ ሲታዘዝ ቢያመነታ፣ ማመንታቱ ከስንፍና ሊቆጠርበት አይገባም። እኛ ዘንድ የሶፍትዌር ሥርዓቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ የመጡት ኦዲተሮች አስቀድመው የጠየቁት ወረቀቱን ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዱን ዕቃ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ በእጅ በሚጻፍበት ቢን ካርድም በኮምፒውተርም ስንመዘግብ ቆይተናል፤ ሥራ ሲደራረብ ሳይመዘገብ የሚያድረው ደግሞ የኮምፒውተሩ ነው።

ሕጉ ግን ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። የጎደለው፣ በሥርዓቱ የተመዘገበ ርክክብ በቆጠራም በኦዲትም ተቀባይነት እንዳለው ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ በጽሑፍ የሚያረጋግጥ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ነው።

ሥልጠናውን በተመለከተም፣ በሆቴል አዳራሽ ለሦስት ቀናት የሠለጠኑት በአብዛኛው ኃላፊዎች ነበሩ፤ ለእኛ የደረሰን በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መመሪያ ብቻ ነው። እኔን ያስተማረችኝ አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ከሰዓት በኋላ አጠገቤ እየተቀመጠች፣ በዕለቱ የገባውን ዕቃ ራሴ እንድመዘግብ ስታደርግ፣ ስሳሳትም ኪቦርዱን ሳትቀማኝ በትዕግሥት ስትጠብቀኝ ሁለት ሳምንት አለፈ። ዛሬ የቀረውን የወረቀትና የቀለም መጠን ለማወቅ መደርደሪያ መቁጠር አያስፈልገኝም። ይህን ጥቅም ያየ ሠራተኛ ሥርዓቱን እንደሚወደው በራሴ አውቃለሁ።

በመሆኑም ኃላፊዎች ከፋይናንስና ከኦዲት ክፍሎች ጋር ተስማምተው፣ ድርብ ምዝገባው የሚቆምበትን ቀን ከሰኔ 30 ቆጠራ አስቀድመው በደብዳቤ እንዲያሳውቁን፣ እንደዚያች ልጅ ያሉትንም ለማስተማር በቂ ሰዓት እንዲሰጧቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ