የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ የሱፍ አበባው ወዴት ያያል?

ዘንድሮ የሳይንስ ክበባችን በብዙ ሥራ አልተበታተነም። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት እንደተለመደው የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር፤ ለሚኒ ሚዲያም አጫጭር ጽሑፎች አዘጋጅተናል። ከዚያ ወዲህ ግን ጊዜያችን ያለቀው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ፣ በሱፍ አበባ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። የሱፍ አበባ ቀኑን ሙሉ ፀሐይን እየተከተለ ይዞራል የሚለውን የማያውቅ ልጅ የለም። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን «እኔ ያየኋቸው አበቦች ጠዋትም ማታም ወደ አንድ ጎን ነው የሚያዩት» ብላ ድርቅ አለች። ግማሹ ሳቀባት። እኔ መልሱን ትቼ ዘር አከፋፈልኩ።

ዘሩን ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ያህል አጥልቀን ቀበርነው። ከፊሉን መሬት ላይ፣ ከፊሉን አሮጌ ባልዲዎች ውስጥ። ሲበቅል ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍተው ነው ብቅ የሚሉት። ልጆቹ ቅርፊቱን ካላወለቅንላቸው ብለው ነበር። ተዉት፣ ራሱ ይወድቃል አልኳቸው። ወደቀ።

ተክሉ ከጉልበት ሲያልፍ ዋናው ሥራ ተጀመረ። በየሰዓቱ በስልክ ፎቶ ማንሳት። ጠዋት ጫፉ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፣ እኩለ ቀን ላይ ቀና ይላል፣ ማታ ወደ ምዕራብ ያጋድላል። እዚህ ድረስ ማንም አልተገረመም። ያስገረማቸው የሌሊቱ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ተባብረውን ባነሱት ፎቶ ላይ ተክሉ በጨለማው ውስጥ ወደ ምሥራቅ ተመልሶ፣ ፀሐይዋን ቀድሞ እየጠበቃት ነው። ብርሃን በሌለበት ምን አዞረው?

ተክል ጡንቻ የለውም። ያለው ዕድገት ነው። ቀን ቀን የግንዱ ምሥራቃዊ ጎን ከምዕራባዊው ይበልጥ ይረዝማል፤ አንዱ ጎን ሲረዝም ጫፉ ወደ ሌላው ይጎብጣል። ሌሊት ደግሞ ይገለበጣል፤ ምዕራባዊው ጎን ይረዝምና ጫፉን ወደ ምሥራቅ ይመልሰዋል። ይህን ነግሬያቸው ማለፍ እችል ነበር። ግን ለጋው ግንድ ላይ፣ ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱም ጎን በማርከር ነጥቦች አደረግን። ጠዋትና ማታ በማስመሪያ ለኩ። ልዩነቱ የሚሊሜትር ጉዳይ ነው፣ ዓይን ያደክማል። ማታ ላይ የምሥራቁ ነጥቦች ከምዕራቦቹ ተራርቀው ሲገኙ አንዱ «ቲቸር፣ አይዞርም እኮ፤ እያደገ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

የሌሊቱ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። አንዱን ባልዲ ላቦራቶሪ አስገብተን ከአናቱ ላይ የማይንቀሳቀስ መብራት አደረግንለት። የሚከተለው ፀሐይ የለም፤ ተክሉ ግን ለጥቂት ቀናት እንደ ለመደው ወዲያና ወዲህ ማለቱን ቀጠለ። ከዚያ እየደከመ መጣ። ውስጡ ሰዓት አለው ማለት ነው፤ እኛን ማታ የሚያስተኛን ዓይነት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የስቴሲ ሃርመር ቡድን በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ያው ቡድን በ2023 (እ.ኤ.አ.) ሌላ ነገር አገኘ። ቤት ውስጥ ወደ መብራት የሚጎብጥ ተክልና ሜዳ ላይ ፀሐይን የሚከተል ተክል የሚያሠሯቸው ጂኖች አንድ ዓይነት አይደሉም። እኔ ለዓመታት ሁለቱን ነገሮች አንድ አድርጌ አስተምር ነበር፤ መጽሐፉም እንደዚያው ነበር የሚለው።

አሁን ወደዚያች ልጅ እንምጣ። እምቡጡ ሲፈነዳና ዕድገቱ ሲያበቃ ግንዱ ይጠነክራል፣ መወዛወዙም ይቆማል። አበባው ፊቱን ወደ ምሥራቅ እንዳዞረ ይቀራል። ሥራው የሚሠራው በለጋነቱ ነው፤ ያበበ የሱፍ አበባ ፀሐይን አይከተልም። የሳቁባት ልጆች እንኳን ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ሄደው አይተው ዝም አሉ።

ምሥራቅን ለምን መረጠ? የጠዋት ፀሐይ አበባውን ቶሎ ታሞቀዋለች፣ ንብ ደግሞ ሞቅ ያለ አበባ ትወዳለች። በ2016ቱ ጥናት ወደ ምሥራቅ ያዩ አበቦች ወደ ምዕራብ ከዞሩት አምስት እጥፍ ያህል ጎብኚ ነፍሳት አግኝተዋል። እኛም አንዳንዶቹን ባልዲዎች ወደ ምዕራብ አዙረን ጠዋት ጠዋት ንብ ቆጠርን። የእኛ ቁጥር የእነሱን ያህል የተጣራ አይደለም፤ ብልጫው ግን በግልጽ የምሥራቆቹ ነበር። ንብ የሚፈራ አንድ አባል አለን፣ እሱን ራቅ አድርገን መዝገብ ጸሐፊ አደረግነው።

ልጆቹን ከሁሉ በላይ የያዛቸው ግን በእጅ አጉሊ መነጽር የታየው የአበባው ፊት ነው። አንድ አበባ የሚመስለው የብዙ አበቦች ስብስብ ነው፤ ትልቁ ላይ ከሺህ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ዳር ዳሩን ያሉት ቢጫዎቹ ዘር አይሰጡም፤ ነፍሳትን መጥሪያ ናቸው። የመሃሎቹ ከዳር ወደ ውስጥ ቀለበት ሠርተው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይከፈታሉ። እያንዳንዷ መጀመሪያ የአበባ ዱቄቷን ታወጣለች፣ በማግሥቱ ደግሞ የራሷን መቀበያ ትከፍታለች። በራሷ ዱቄት እንዳትዳቀል ይረዳታል። ዘሮቹ የሚደረደሩባቸውን ጠመዝማዛ መስመሮች ስንቆጥር ወደ አንዱ አቅጣጫ 34፣ ወደ ሌላው 55 ወጣ። ሁለቱም የፊቦናቺ ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት ሁለቱ ድምር ከሆነበት ተርታ ማለት ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቡቃያ ካለፈው በ137.5 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ስለሚያርፍ ነው እንዲህ የሚሆነው። 54 ነው ያለ ነበር፣ ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ ተረታ።

ዘሩ ሲሞላ ጭንቅላቱ ከብዶት አቀረቀረ፣ ጀርባውም ቢጫ ሆነ። ወፎቹ ከእኛ ቀድመው አወቁ፤ ለቀረው ጨርቅ አለበስንለት። የደረሰው ደርቆ በወረቀት ከረጢት ተቀምጧል። በመጪው ዓመት መመዝገብ የምትፈልጉ ማስመሪያና ማርከር ይዛችሁ ኑ። ንብ የምትፈሩም ኑ፤ የመዝገቡ ሥራ ለአንድ ሰው በዝቷል።