ሎዋር ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፣ ነፋሱ ግን ወደ ምሥራቅ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ፈረንሳይ የሎዋር ሸለቆ ግንቦች የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ፎቶግራፎቹም ያስጎመጃሉ። በብስክሌት ለመሄድ ያሰበ ሰው ግን አንዱን ምክር ከተከተለ ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል። «ከኦርሌያን ተነሥቶ ወንዙን ተከትሎ ወደ ባሕር መውረድ ነው፤ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ብስክሌቱ ራሱ ይሄዳል» ይላል። አይሄድም።

ሒሳቡን እንሥራው። ከኦርሌያን እስከ ቱር 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዙ በዚህ ሁሉ ርቀት የሚወርደው ወደ 45 ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር 40 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ጓዙ አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ይህ ቁልቁለት የሚያግዘው በ2 ወይም በ3 ዋት ነው። የስልክ ቻርጀር እንኳ ከዚህ ይበልጣል። ነፋሱስ? በሸለቆው የሚበዛው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመጣ የምዕራብ ነፋስ ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የ20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው ደረቱን የሚመታው አየር የ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይኖረዋል። የአየር ጫና የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ጫናው ነፋስ ከሌለበት ቀን ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። ይኸው ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ግን ደረት ላይ የሚቀረው የ5 ኪሎ ሜትር አየር ነው፤ ከምንም አይቆጠርም።

ስለዚህ ትክክለኛው ዘዴ ወደ ምዕራብ በባቡር ሄዶ ወደ ምሥራቅ በብስክሌት መመለስ ነው። ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር አንዤ ድረስ፣ ከዚያ በክልሉ ባቡር ሶሙር መድረስ ይቻላል። በሐምሌና በነሐሴ የሎዋርን ሸለቆ ተከትለው የሚሄዱ፣ ለብስክሌት ሰፊ ቦታ የተዘጋጀላቸው ባቡሮችም አሉ። በፈጣኑ ባቡር ላይ ግን ብስክሌት ቦታ ካልተያዘለት መንኮራኩሮቹ ወልቀው ከረጢት ውስጥ መግባት አለበት፤ ጣቢያ ደርሶ መከራከር አያዋጣም። አንዳንድ ጊዜ በተለይ ሰማዩ ጠርቶ ብርድ በሚሆንባቸው ቀናት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ትንበያውን ከመነሣት ሁለት ቀን በፊት ማየትና የባቡር ትኬቱን ከዚያ በኋላ መቁረጥ ይሻላል።

ጽሑፉ ስለ ጎማ አንድም ቃል አላነሣም። ከኔቨር ከተማ አጠገብ ካለችው ከኩፊ ተነሥቶ አትላንቲክ ዳር እስከ ሳን ብሬቨን የሚዘልቀው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የብስክሌት መስመር ሁሉም አስፋልት አይደለም። ብዙ ቦታ ተጠቅጥቆ የጠነከረ ነጭ አሸዋና ጠጠር ነው። በዚህ ላይ 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የእሽቅድምድም ጎማ የሚገባ ሰው ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ይጨፈለቅበታል። ምልክቱ እባብ እንደነደፈው ጎን ለጎን የሚገኙ ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። 28 ሚሊ ሜትር ትንሹ ልክ ነው፤ ፍሬሙ ከፈቀደ 32 ይመረጣል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰውና ለቀላል ጓዝ በ28 ጎማ የአየር ግፊቱ ከኋላ 5 ባር፣ ከፊት 4.5 ይበቃል፤ በ32 ደግሞ 4 እና 3.7። አስፋልት ላይ ጎማ ድንጋይ እስኪሆን መንፋት ፍጥነት ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ በዚህ መንገድ ላይ የሚያተርፈው የእጅ መደንዘዝ ነው። ጎማው በፍሬሙ ውስጥ ግራና ቀኝ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው፤ ዝናብ ሲጥል ያ ነጭ አሸዋ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ቀለምም ይልጣል።

ሌላው ጠላት ባልጩት ነው። የዚያ አገር አፈር ባልጩት የበዛበት በመሆኑ ጎርፍ ስባሪውን እያጠበ መንገድ ላይ ይጥለዋል። እርጥብ ላስቲክ ደግሞ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ጎማ በብዛት የሚተነፍሰው በዝናቡ ሰዓትና ከዝናቡ በኋላ ባለው ጧት ነው። ብዙ ሰው ቸኩሎ ከመነዳሪውን ብቻ ይቀይርና ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ እንደገና ይቆማል፤ ስባሪው ጎማው ውስጥ ቀርቷልና። ጎማውን ገልብጦ ውስጡን በጨርቅ ዙሪያውን መጥረግ ያስፈልጋል። ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ ስባሪው አለ፤ በቢላ ጫፍ ከውጭ በኩል ፈልቅቆ ማውጣት ነው። በባዶ ጣት መፈለግ ጣትን ያስቆርጣል። የተሰነጠቀው ከ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ከመነዳሪው በስንጥቁ ወጥቶ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ 5 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ከውስጥ አስደግፎ በግማሽ ባር ቀንሶ መንፋት ያሻል። ያለ ከመነዳሪ በፈሳሽ ማሸጊያ የሚሠራ ጎማ ያላቸው በአንድ ጎማ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሊትር መኖሩን ከመነሣታቸው በፊት ይዩ፤ ፈሳሹ በሙቀት ወራት ቶሎ ይደርቃል።

ሁለት ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና ልጣፊ፣ የእጅ መንፊያ፣ የሰንሰለት ፈጣን ማያያዣ፤ ይህን ሁሉም ይይዛል። ብዙዎች የሚረሱት የኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበትን ትንሽ ብረት ነው። ብስክሌቱ ባቡር ላይ ወይም አጥር ተደግፎ ሳለ በቀኝ ጎኑ ከወደቀ መጀመሪያ የሚጣመመው እሱ ነው፤ ለዚያ የተሠራ ነው። ለእያንዳንዱ የፍሬም ዓይነት ቅርጹ ስለሚለያይ የመንደር ጠጋኝ ዘንድ መገኘቱ የዕድል ጉዳይ ነው። ክብደቱ ጥቂት ግራም ነው፤ ኮርቻ ሥር ባለው ቦርሳ ይግባ።

አሁን ወደ ግንቦቹ። በቀን አራት ግንብ የሚለው ዕቅድ ለአውቶቡስ ነው። በኮርስ ብስክሌት በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር እየሄዱ 65 ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ የሻምቦር ግንብ ብቻውን ሁለት ሰዓት ይጠይቃል። ሁለት ግንብ ይበቃል፤ ሌላውን ከውጭ ማየት ነው። ከሶሙር ተነሥቶ በደቡቡ ዳር በሞንሶሮ በኩል ቪየን ወንዝ ከሎዋር ወደሚገናኝባት ካንድ ሳን ማርታን፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1429 ዣን ዳርክ ንጉሥ ሻርል 7ኛን ወዳገኘችበት ወደ ሺኖን፣ ከዚያም በዩሴ በኩል አዜ ለ ሪዶ ማደር፤ ይህ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአዜ ግንብ ከ1518 ጀምሮ በአንድር ወንዝ ደሴት ላይ የተሠራ ነው፤ ጧት ነፋስ ሳይነሣ ግድግዳው ውሃው ላይ ሙሉ ለሙሉ ይታያል፤ ማደሩም ለዚህ ነው። በማግስቱ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ የቪላንድሪን የአትክልት ቦታዎች፣ ከዚያ በሸር ወንዝ ዳር ቱርን፣ ከሰዓት በኋላ አምብዋዝን።

ሸለቆው ሜዳ ነው ማለት ግንቦቹ ሜዳ ላይ ናቸው ማለት አይደለም። ወንዙ ከጎኑ ያለውን ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ቆርጦ ስላለፈ ከዳሩ ወደ አምባው የሚያወጡት መንገዶች አጫጭርና ገደል ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሜትር ከፍታ በ6 እስከ 10 በመቶ ዳገት። የሾሞን ግንብ እንዲህ ነው። ከአምብዋዝ ወደ ሸኖንሶ የሚወስደውም ጫካውን ከመያዙ በፊት ይወጣል። ጓዝ ለያዘ ሰው ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ ጉልበት ያድናል። ከአምብዋዝ ሲወጡ ዲ 31 የተባለውን መንገድ ይተዉት፤ የጭነት መኪና መንገድ ነው። በሰሜኑ ዳር ከቱር እስከ ብሉዋ ያለው ዲ 952 ደግሞ በካርታ ላይ ወንዙን የሚስም ውብ መስመር ይመስላል፤ መኪናው ግን ይበርራል፣ ብዙ ቦታም ጠባብ ነው። በደቡቡ ዳር ያሉት ትንንሽ መንገዶች ይረዝማሉ፣ ይሻላሉም።

ሸኖንሶ ግንብ ላይ ጫማ ያስቸግራል። የኮርስ ጫማ ሥር የሚታሰረው ትልቁ የፕላስቲክ ማያያዣ በብዙ ሚሊዮን እግር በለሰለሰ የድንጋይ ደረጃ ላይ እንደ በረዶ ያንሸራትታል፤ ድንጋዩንም ያበላሻል። ማያያዣው ወደ ውስጥ የገባ፣ ባለ ሁለት ብሎን የተራራ ብስክሌት ጫማ ማድረግ ወይም 200 ግራም የሚመዝን ቀላል ነጠላ ጫማ መያዝ ነው። 60 ሜትር የሚረዝመው የሸኖንሶ አዳራሽ በሸር ወንዝ ላይ ድልድይ ሆኖ የተሠራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቁስለኞች ሆስፒታል ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ወንዙ በጀርመን የተያዘውንና ያልተያዘውን ፈረንሳይ የሚለይ ድንበር ስለሆነ የአዳራሹ ደቡባዊ በር ወደ ነፃው ወገን ይከፈት ነበር። በነገራችን ላይ መንደሩና ግንቡ ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ በፈረንሳይኛ ሲጻፉ ግን የመንደሩ ስም መጨረሻው ላይ ኤክስ ይጨምራል። በመንገድ መሪ መሣሪያችሁ ላይ ስትጽፉ ልብ በሉ።

ከሸኖንሶ በሾሞን በኩል ብሉዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የብሉዋ ቤተ መንግሥት ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 23 ቀን 1588 የጊዝን መስፍን ያስገደለበት ነው። በመጨረሻው ቀን ሻምቦር ይቀራል፤ እዚህም ላይ ጽሑፋችሁ መታረም አለበት። ሻምቦር ሎዋር ዳር አይደለም። በኮሶን ወንዝ ላይ፣ ከሎዋር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ገባ ብሎ ነው፤ ድንጋዩም ሳን ዲዬ በምትባል የሎዋር ወደብ እየተራገፈ ነበር የሚጓጓዘው። በ1519 የተጀመረው ይህ ግንብ 426 ክፍሎችና 282 የእሳት ምድጃዎች አሉት፤ ዙሪያውን 32 ኪሎ ሜትር አጥር ከቦታል። አጥሩ ውስጥ አጋዘንና የዱር አሳማ አለ። ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ጫካውን አቋርጦ በፍጥነት መንዳት ለአሳማውም ለብስክሌተኛውም ደግ አይደለም።

ስለ ሕጉ ደግሞ በአጭሩ። ክብ ሰማያዊ የብስክሌት ምልክት መስመሩን የግድ ያደርገዋል፤ አራት ማዕዘኑ ግን ምክር ነው፣ አስፋልቱን መምረጥ ይቻላል። ይህን የማያውቅ የኮርስ ነጂ ያለ ምክንያት ጠጠር ሲበላ ይውላል። በጆሮ ማዳመጫ መንዳት ወይም ስልክ በእጅ መያዝ 135 ዩሮ ያስቀጣል። ደወል ግዴታ ነው። ሲመሽ ከከተማ ውጭ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስም እንዲሁ። ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መንዳት ይፈቀዳል፤ መኪና ሊያልፍ ሲል ግን አንድ መስመር መሆን ያስፈልጋል። ከሁሉ አደገኛው መንደር ውስጥ ነው፤ ምልክት በሌለበት መገናኛ ቅድሚያ ያለው ከቀኝ የሚመጣው ነው። ከጠባብ ቅያስ ሳያይ የሚወጣው ሽማግሌ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው።

ውሃና ምግብ ከግንቡ ይልቅ ዕቅድ ይፈልጋሉ። የመንደር ሱቆች ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ዘግተው እስከ 8 ሰዓት ተኩል አይከፍቱም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላና ሰኞ ደግሞ ብዙዎቹ ጭራሽ ዝግ ናቸው። ዳቦ በጧት ይገዛ። ሁለት ባለ 750 ሚሊ ሊትር ኮዳ ያስፈልጋል፤ ኮዳው ካለቀ የመንደሩን መቃብር ቦታ መፈለግ ነው፣ አበባ ለማጠጣት ቧንቧ አለ። «የማይጠጣ» የሚል ጽሑፍ ከላዩ ከሌለ ይቀዳል።

ካርታውን እንደገና የምታወጡት ከሆነ ቀስቱን ከሶሙር ወደ ኦርሌያን አዙሩት፤ ሻምቦርንም ከወንዙ ዳር ፈቀቅ አድርጉት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንባቢያችሁ