ለሰብለ፣ ስለ እማዬ ክፍል መስኮት

ሰብልዬ፣ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ጠፋሁብሽ አይደል? ለትንሿ ክርስትና እንኳን ሳልደውል ቀረሁ። ይቅር በይኝ፣ ስንገናኝ በደንብ ትቆጪኛለሽ። አሁን ቸኩያለሁ። ደግሞ ያንቺን ኩርፊያ አውቀዋለሁ፣ ከዶርም ጀምሮ የሚፈታው ሰው ምክር ሲጠይቅሽ ነው። ይኸው ልጠይቅሽ ነው።

የመስኮት ነገር ነው። አትሳቂ፣ የምሬን ነው።

እማዬን እኔ ጋ አምጥቻታለሁ። ብቻዋን መኖር ከብዷት ነበር። የኋለኛውን ክፍል፣ ያንቺን፣ ለእሷ ሰጠኋት። መስኮቶቹን መቼም አትረሺያቸውም፤ መስታወቱን የሚይዘው ስቱኮ የረገፈ፣ ነጠላ መስታወት ያለው ብረት፣ ክረምት ሲገባ በጨርቅ የምንወትፈው። ያኔ ለእኛ ምንም አልነበረም። እሷን ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ እንቅልፍ የላትም። በዚያ ላይ ደግሞ የመኪናው ድምፅ አለ።

ባለሙያ ጠራሁ። ገና ክፍሉን ሳያየው «አልሙኒየም ስላይዲንግ፣ ወደ ጎን የሚንሸራተተው፣ ጥቁር መስታወት፣ ሰው ሁሉ የሚያሠራው እሱን ነው» አለኝ። ጥቁሩን ወዲያው እምቢ አልኩ። ክፍሉ የጠዋት ፀሐይ ነው የሚያገኘው፣ እማዬ ዳዊቷን የምትደግመው በዚያ ብርሃን ነው፤ ሙቀቱም እዚያው ነው ያለው፣ ለምን ብዬ እከለክላታለሁ?

አልሙኒየሙ ግን አስጨነቀኝ። አይዝግም፣ ቀለም ቀቡኝ አይልም፣ ለክረምታችን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ብርዱን በቀጥታ ያስገባል፣ ሙቀት በማስተላለፍ ከብረት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። መሃሉ ላይ ፕላስቲክ ገብቶ የውጩን ፊት ከውስጡ የሚለይ ዓይነት አለ፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ዋጋውን ስሰማ ግን ዝም አልኩ። ፒቪሲ፣ የፕላስቲኩ ፍሬም፣ ሙቀት ብዙም አያስተላልፍም። እሱም ቢሆን እኛ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ርካሹ ፒቪሲ ይቢጫል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወይ ደህናውን ፒቪሲ ነው ወይ ምንም። መስታወቱን ድርብ አደርገዋለሁ፣ ሁለት ባለ 4 ሚሊ፣ መሃሉ 12 ሚሊ አየር። ከነጠላው ጋር ሲተያይ የሚወጣውን ሙቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ለድምፁ ደግሞ አንዱን 4፣ አንዱን 6 ብናደርገው ይሻላል፣ እኩል ውፍረት ያላቸው መስታወቶች አንድ ዓይነት ድምፅ ላይ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ሳሎኑን አልነካውም፣ ብረቱ ተፍቆ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ተቀብቶ አዲስ ስቱኮ ከገባለት ገና ብዙ ያገለግላል። አንቺ የመስታወት ቀለም ለመምረጥ ባልሽን አንድ ክረምት ሙሉ ያንከራተትሽ ሴት፣ እስከዚህ ድረስ ትስማሚያለሽ ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

ባለፈው ዝናብ ሲዘንብ ከሥራ ገባሁ። እማዬ ክፍሏን ዘግታ ቡና አፍልታለች፣ ከሰሉ ምድጃው ላይ ገና ቀይ ነው። ራሷን ይዛ ተቀምጣለች። «ትንሽ አዞረኝ» አለችኝ። አቅፌ ወደ ውጭ አወጣኋት፣ ቆይቶ ተሻላት። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ይሄ እኮ በዚያ ንፋስ በሚያስገባው አሮጌ መስኮት ነው! ሰብልዬ፣ እኔ ደግሞ ገንዘብ ከፍዬ ክፍሉን ድፍን ላደርገው ነው። የከሰል ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ ነው ሰው የሚወስደው።

ለዚህ ነው ስላይዲንጉን የተውኩት። ስላይዲንግ ቢከፈት ግማሹ ነው፣ ግማሹ ሁልጊዜ መስታወት ነው። በማጠፊያ የሚከፈተው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ሲዘጋም ጎማው ላይ ተጭኖ ስለሚገጥም ብርዱንና ድምፁን የተሻለ ይይዛል። ፍርግርጉ በውጭ ስለሆነ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ አልጋዋን እናዞራለን፣ ምንም አይደል። ከላይ ደግሞ ዝናብም እየዘነበ ክፍት የምትቆይ ትንሽ መስኮት አስጨምራለሁ። ግን ሰብልዬ፣ መስኮት ብቻውን አያድንም። ከሰሉ ከዚያ ክፍል መውጣት አለበት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁላት፣ «በዚህ ቡና ይፈላል እንዴ?» ብላ ጥግ ላይ አስቀመጠችው። በረንዳ ላይ አፍይ ስላት እሺ ትላለች፣ እኔ ስወጣ ግን ተመልሳ ክፍሏ ነው።

እንዴት ልበልሽ... ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ ይህን መጠየቅ ይከብደኛል። እማዬ ግን ያንቺን ነገር ትሰማለች። እኔ ስነግራት ልጅ ናት የምትጨነቀው፣ አንቺ ስትነግሪያት ምክር ይሆናል። አሁንም «ሰብለ ምን ሆና ነው የጠፋችው» እያለች ትጠይቀኛለች፣ መልስ አጥቼ ወሬ እለውጣለሁ።

ደውይላት። ስለ መስኮቱ አታንሺ፣ ስለ ከሰሉ ብቻ። ባለሙያው ቅዳሜ ልኬት ሊወስድ ይመጣል፣ ቀብድም እከፍላለሁ፣ ከዚያ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል። ቀን ላይ ቤት ናት፣ ከቀን እንቅልፏ ከስምንት ሰዓት በኋላ ትነቃለች። ለእኔ ደግሞ ያንቺ ቤት ፒቪሲ እስካሁን ነጭ መሆኑን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ በተለይ ፀሐይ የሚመታውን ጎን።

ያንቺው፣ ሂሩት